ቅዳሜን ለማህበራችን፦ የአንዲት ሚድዋይፍ ማስታወሻ

የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

የሥልጠና ኮሚቴያችን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ በቅርቡ ተመርቀው በየጤና ጣቢያው የተመደቡ ሚድዋይፎች ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት የደም መፍሰስ የአንድ ቀን ልምምድ እንዲያገኙ ማድረግ። አንዱ አጀንዳ ብዙ ጥያቄ ወለደ። አዳራሽ ማን ይጠይቅ? የመለማመጃዋን አሻንጉሊት ከየት እንዋስ? ለምሳ የሚሆን ገንዘብ አለ ወይስ በሻይና በዳቦ ይታለፍ? ትምህርቱንስ ማን ይያዝ? የመጨረሻው ላይ ስንደርስ ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ሲስተር፣ ይህን አንቺ ያዥልን» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ከመካከላችን ለዚህ ሥራ የሚከፈለው የለም። የታክሲው ከየኪሳችን ነው። ዛሬ ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ የመጣች ነበረች፤ ልጇን የሚይዝላት አጥታ ይዛው የመጣችም ነበረች። ልጁ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ በቆየ ቃለ ጉባኤ ጀርባ ላይ ሥዕል ሲሥል አመሸ።

የኢትዮጵያ ሚድዋይፎች ማህበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በየአገሩ ያሉ የሙያው ማህበራት የተሰባሰቡበት የዓለም አቀፉ የሚድዋይፎች ኮንፌዴሬሽን አባልም ነው። ስሙ ትልቅ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን እንዲህ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ አዳራሽ በመለመን፣ ወረቀት በማባዛት፣ ስልክ በመደወል። ሰው ብዙ ጊዜ «ከማህበሩ ምን ታገኛላችሁ?» ይለናል። ጥያቄው ክፋት የለበትም። ኑሮ በተወደደበት ዘመን የዕረፍት ቀንን በነፃ የሚሰጥ ሰው ምክንያቱን ቢጠየቅ አይገርምም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሬ የሰጠሁትንም የማገኘውንም እዚህ ደብተር ላይ ላሰፍር ወስኛለሁ።

የካቲት 17፣ እሁድ

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለሥልጠናው ማንበብ ጀመርኩ። ደም መፍሰስ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሥራዬ አካል ነው። ለሌላ ሰው ላስተምር ስቀመጥ ግን በእጄ የማውቀው ሁሉ «ለምን?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር።

በማዋለጃ ክፍል የፈሰሰውን ደም በአብዛኛው የምንለካው በዓይናችን ነው። ጨርቁ ምን ያህል ራሰ፣ ወለሉ ላይ ምን ያህል ወረደ ብለን እንገምታለን። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ከፈሰሳት አደጋ ነው ብለን ተምረናል። ነገር ግን ግማሽ ሊትር ደም ጨርቅ ውስጥ ሲሰርግ ትንሽ ይመስላል፤ ከእንሽርት ውኃው ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ጭራሽ መለየት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ኢ-ሞቲቭ የተባለ ጥናት አነበብኩ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች ከ200,000 በላይ እናቶችን ያካተተ ነው። የተሞከረው ነገር ቀላል ነው። በመጀመሪያ እናቲቱ ሥር ተነጥፎ ደሙን የሚቀበል፣ የመለኪያ መስመር ያለው የላስቲክ ከረጢት አለ። ደሙ ከመስመሩ ሲደርስ ደግሞ ሕክምናው ተራ በተራ እየተሞከረ ሳይሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ማህፀኑን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ደሙ ከየት እንደሚመጣ መመርመርና ካልቆመ ከፍ ያለ እርዳታ መጥራት። በተለመደው አሠራር ከመጠን በላይ ከደሙት እናቶች መካከል በጊዜ የታወቀላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በአዲሱ አሠራር ከ100ዎቹ 93ቱ ታወቀላቸው። ለከባድ መድማትና ከእሱ ለሚከተለው ቀዶ ሕክምና ወይም ሞት የተዳረጉት በ60 በመቶ ቀነሱ።

ይህን ሳነብ መቀመጥ አቅቶኝ ተነሣሁ። አዲስ ፋብሪካ ወይም አዲስ ሐኪም አላስፈለገም። የተለወጠው ማየትና ቶሎ አብሮ መነሣት ነው፤ ሁለቱም በሚድዋይፍ እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው።

ስለ ትራኔክሳሚክ አሲድም አነበብኩ። ጃፓናዊቷ ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤቷ ስለ መድኃኒቱ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በወሊድ ጊዜ የሚደሙ እናቶችን ከሞት እንደሚታደግ በ21 አገሮች፣ በ20,000 ያህል እናቶች ላይ በተሠራ ጥናት የተረጋገጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ጥቅሙ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ እናቲቱ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ኦካሞቶ ውጤቱ ሳይታተም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አረፈች። ስሟን በደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ለወጣቶቹ እነግራቸዋለሁ፤ በመርፌ የሚሰጡት መድኃኒት ከኋላው የአንዲት ሴት ዕድሜ እንዳለበት ይወቁ።

የመጀመሪያውን ዋጋዬን ዛሬ ተቀብያለሁ። የሥራ ግዴታዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሌሊት አንብቤ አላነጋም ነበር። ነገ ክፍላችን ስገባ የምገባው ትናንት ባልነበረኝ እውቀት ነው፤ ወጣቶቹ ገና አልሰሙትም፣ የእኔ እናቶች ግን መጠቀም ይጀምራሉ።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ቀን ነው፤ ባለፈው ሰኞ፣ መጋቢት 2። የምሳው ጥያቄ በራሱ ጊዜ ተፈታ። ሥልጠናው በሁለቱም ጾሞች ወቅት ስለሚውል ምሳ አያስፈልግም፤ ለምሳ ያሰብነው ገንዘብ ወደ ጓንትና ወደ ወረቀት ማባዣ ዞረ።

ስብሰባው ስለረዘመ መሸብን። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሙስሊም ባልደረባችን ከቦርሳዋ ቴምርና ሳምቡሳ አወጣች። «ምስር ነው፤ ለእናንተም ይሆናል» ብላ ለሁላችን አካፈለች። እኛም የጾም ዳቦአችንን አቀረብን። እዚያው ወረቀቶቹ መካከል በላን፤ ከዚያ ወደ በጀቱ ተመለስን።

ስለ በጀት አንድ ነገር ልጻፍ። በሆስፒታል ስሠራ ገንዘብ የሚባል ነገር አይደርሰኝም። ዕቃ ሲያልቅ እጠይቃለሁ፣ ሲመጣ እፈርማለሁ። በማህበሩ ግን ደረሰኝ መያዝ፣ ዋጋ ማወዳደር፣ ለአባላት ሪፖርት ማቅረብ ተምሬአለሁ። ስብሰባ መምራትን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ የሥራ ዕቅድ መጻፍን፣ ለማላውቀው ኃላፊ ደውዬ ጉዳዬን በአጭሩ ማስረዳትን የተማርኩት እዚህ ነው። ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን የሥራ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ አስተማሩኝ። ባለፈው ዓመት በክፍላችን የአንድ ፈረቃ አስተባባሪ እንድሆን ስጠየቅ ያልፈራሁት ለዚህ ነው።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

የሥልጠናው ቀን። ወጣቶቹ በጠዋት መጡ። ግማሾቹ ወንዶች ናቸው፤ እኔ በተማርኩበት ዘመን በማዋለጃ ክፍል ወንድ ሚድዋይፍ ማየት ብርቅ ነበር።

ጽሑፉን ቶሎ ጨርሰን ወደ ልምምዱ ገባን። የመለማመጃዋን አሻንጉሊት ማማ ናታሊን አንዲት ባልደረባችን ሆዷ ላይ ታጠቀቻት። አሻንጉሊቷ ሰው የሚለብሳት ናት፤ ውስጧ ሕፃን፣ እንግዴ ልጅና ቀይ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት አለ፤ የታጠቀችው ሰው እንደ ፈለገች ታስወልዳለች፣ ታደማለች። «ሲስተር ደረሰብኝ!» ብላ ባልደረባችን ስትጮህ ክፍሉ ሳቀ። ሕፃኑ ወጥቶ ቀዩ ፈሳሽ መንጠባጠብ ሲጀምር ሳቁ ቆመ።

ሕፃኑን ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ማስተንፈስ። ለእናቲቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ መውጋት። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀኑ ጠንክሯል ወይ ብሎ መዳበስ። ከዚያ ደም ቢበዛ አራቱን ምክንያቶች መፈተሽ፤ ማህፀኑ ላልቷል? የተቀደደ ነገር አለ? የቀረ እንግዴ ልጅ አለ? ደሙ አልረጋ ብሏል? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላላ ማህፀን ነው። እነዚህን ሁሉ ወጣቶቹ በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ ፈተና አልፈውባቸዋል። ችግሩ ማወቅ አይደለም። ደም ሲፈስ፣ ቤተሰብ ሲያለቅስ፣ መብራት ሲጠፋ እጅ የትኛውን አስቀድሞ እንደሚያነሣ ነው ጥያቄው። ለዚያ ደጋግሞ መሥራት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ደጋገምን፤ እያንዳንዱ ተራ ደርሶት፣ ደግሞም ሌላው ተራ ሲሠራ ጊዜ እየያዘ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ቀኑን ሙሉ አልተናገረም። በዕረፍት ሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሚሠራው ከከተማው ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ነው፤ ሌሊት ተረኛ ሲሆን የሙያ ጓደኛ የለውም። «ሲስተር፣ የሚያስፈራኝ ስህተት መሥራቱ ብቻ አይደለም» አለኝ። «የምጠይቀው ሰው አለመኖሩ ነው። ትክክል ስሠራ እንኳ ትክክል መሆኔን የሚነግረኝ የለም።»

ስልኬን ሰጠሁት። «በማንኛውም ሰዓት ደውል። ተረኛ ባልሆንም ደውል» አልኩት። ሌሎቹ አሠልጣኞችም እንዲሁ አደረጉ። ማታ ላይ የሁላችንም ስልክ የሰፈረበትን ወረቀት አባዝተን ለሁሉም አደልን። ከሥልጠናው ጥራዝ ይልቅ ወጣቶቹ አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ የከተቱት ያቺን ወረቀት ነው።

ፈቃድ ለማደስ የሚያስፈልገው የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ እንዳለ ሆኖ፣ ወጣቶቹም እኛም ከነጥብ በላይ ይዘን ወጣን።

ሚያዝያ 4፣ ዓርብ

ሌሊት ስልክ ቀሰቀሰኝ። ያ ወጣት ነው። ድምፁ ፈጣን ነበር፤ የሚለው ግን ሥርዓት ነበረው። እናቲቱ በሰላም ተገላግላለች፣ ሕፃኑ አልቅሷል፣ ኦክሲቶሲን ተወግታለች፣ እንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ወጥቷል፤ ማህፀኗ ግን እየላላ ነው፣ ደሙም አልቆመም። ፊኛዋን ባዶ አድርጓል። በደም ሥር ፈሳሽ ከኦክሲቶሲን ጋር ጀምሯል። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርቶ የእናቲቱን እግር ከፍ አድርጋ እንድትይዝለት አድርጓል። አምቡላንስ ተጠርቷል።

«ትራኔክሳሚክስ?» አልኩት።

«አሁን እየሰጠሁ ነው፤ 1 ግራም፣ ቀስ ብዬ።»

«ጎበዝ። አሁን በሁለት እጅህ ማህፀኑን ጫነው፤ አትልቀቀው። ስልኩን አስቀምጠው፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የክፍሉን ድምፅ ሰማሁ። የእናቲቱ እናት ሳይሆኑ አይቀሩም፣ «ማርያም ማርያም» የሚሉ አሉ። ወጣቱ በየመሃሉ ያየውን ይናገራል፤ እኔ እመልሳለሁ። አዲስ ነገር አላስተማርኩትም። ሁሉንም ራሱ ያውቀው ነበር፣ ራሱም ሠርቶታል። እኔ ያደረግኩት አብሮ መቆም ብቻ ነው። አምቡላንሱ ሲደርስ ደሙ ቀንሶ ነበር፤ እናቲቱ ፀረ ሾክ ልብስ ለብሳ ወደ ሆስፒታል ተላከች። ከሰዓት በኋላ ደውሎ ደህና መሆኗን፣ ሕፃኑንም እያጠባች መሆኗን ነገረኝ።

ያቺን እናት አላየኋትም፤ ስሟንም አልጠየቅኩም። ስንት ዓመት የሠራሁት በሁለት እጄ ነው፤ እጄ የሚደርሰውም እኔ እስካለሁበት አልጋ ድረስ ነበር። ትናንት ሌሊት ግን ሥራዬ ከከተማው ዳር ደረሰ። አንድ ሚድዋይፍ በተረኝነቷ የምታዋልዳቸው እናቶች ቁጥር ወሰን አለው። ለሌላ ሚድዋይፍ የሰጠችው እውቀትና ድፍረት ግን ከእሷ ተረኝነት በኋላም ይሠራል። ማህበሩ የሰጠኝን ትልቁን ነገር ፈልጊ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ሚያዝያ 13፣ እሁድ

ጡረታ የወጡ አንዲት አንጋፋ ሚድዋይፍን ልንጠይቅ ሄድን። አክብረን እትዬ እንላቸዋለን። በበዓላችን ላይ ጥቂት እንዲናገሩልን ልንለምናቸው ነበር የሄድነው፤ እሳቸው ግን ንግግራቸውን እዚያው ቡናው ላይ ጀመሩት። በእሳቸው ዘመን ሴት ሆስፒታል የምትመጣው ሁሉ ነገር ከተሞከረና ካልሆነ በኋላ እንደነበር አጫወቱን፤ ቀናት አምጣ፣ በሰው ጫንቃ ተጭና።

የሚሉት በቁጥርም የተመዘገበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በሠለጠነ ባለሙያ እርዳታ የወለዱት እናቶች ከ100ው 6 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 28 ደረሰ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ደግሞ ወደ 50። የእናቶች ሞት በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 412 ወረደ። እዚህ ቁጥር ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉበት፣ አምቡላንስ አለበት፣ መንገድ አለበት፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የገጠር ልጆችን አስተምሮ ወደየአካባቢያቸው የሚልከውን የሐምሊን ሚድዋይፎች ኮሌጅን የመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች አሉበት። ግን 412ም ብዙ ነው። በ2019ኙ ዳሰሳ ጊዜም ሌላኛው ግማሽ ያህል ቤቱ ነበር የሚወልደው።

እትዬን «በእርስዎ ጊዜ ማህበር መመሥረት ለምን አስፈለገ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ልጄ፣ የሐኪሙም የነርሱም ድምፅ ይሰማል፤ የእኛን የሚናገርልን አልነበረም። የደሞዙን አይደለም የምልሽ፤ የእናቶቹን ነው። ምጥ ላይ ያለችውን ሴት ሌሊቱን ሙሉ የምናያት እኛ ነን፤ ስለ እሷ ሲወሰን ግን እኛ የለንበትም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ።

እንደ እትዬ ያለ ሰው በሥራ ቦታዬ ብቻ ብቀመጥ አላገኝም ነበር። እኔ ስቀጠር እሳቸው ወጥተው ነበር። ማህበሩ ግን ጡረተኛውንና ምሩቁን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል።

ሚያዝያ 20፣ እሁድ

ሆሳዕና ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዘንባባ ቀለበት ያጌጠ ጣቴን ይዤ የበዓሉን ጽሑፍ ጻፍኩ።

የዓለም የሚድዋይፎች ቀን የሚከበረው በፈረንጆቹ ሜይ 5፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ነው። የዘንድሮው መሪ ቃል ሚድዋይፎች ለአየር ንብረት ለውጥ ወሳኝ መፍትሔ መሆናቸውን የሚናገር ነው። ኮሚቴው ውስጥ በመጀመሪያ ብዙዎቻችን ተገርመን ነበር፤ ምጥና አየር ንብረትን ምን አገናኛቸው? ከዚያ አንብበን ተወያየን። ሙቀት ሲጨምር ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት እንደሚበዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ድርቅ ሲመጣ ነፍሰ ጡሯ ውኃ ፍለጋ ሩቅ ትሄዳለች፤ ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ ደግሞ ጤና ጣቢያው ድረስ መድረስ አትችልም። በዚያን ጊዜ እዚያው ቀበሌዋ ውስጥ ያለች ሚድዋይፍ ናት የምትደርስላት። ሥራችን ብዙ መሣሪያና ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ እናት ልጇን እንድታጠባ መርዳትም የዱቄት ወተት ፋብሪካን አይፈልግም።

ከምሥራቅ የአገራችን ክፍል የመጣ ባልደረባችን ያየውን ሲነግረን ክፍሉ ፀጥ አለ፤ ጽሑፉ ላይ ያስገባሁት በአብዛኛው የእሱን ነው። ከአንድ ሆስፒታል ግድግዳ ውስጥ ሆኜ አገሬን ምን ያህል ትንሽ እንደማያት የሚያሳየኝ እንዲህ ያለ ውይይት ነው።

ሚያዝያ 27፣ እሁድ

ዛሬ ፋሲካ ነው። የድል ቀንም ነው፤ በ1933 ዓ.ም. በዚህ ዕለት ነው ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት፣ ጣሊያን ከተማዋን በያዘ በአምስተኛ ዓመቱ። የእኛም ቀን ነው። ሦስቱ በአንድ ቀን ዋሉ፤ እኔም ተረኛ ነበርኩ።

ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣው ዝማሬ በመስኮት ይገባ ነበር። ጾሙን የፈታነው እዚያው ነው፤ አንዷ ከቤቷ ባመጣችው ዶሮ፣ ቆመን፣ በየተራ። ፋሲካ ምጥን አያስቆምም። ሕፃናት ተወለዱ፤ እናቶችን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልን፤ አንዱ አባት ለልጁ ትንሣኤ የሚል ስም አወጣ። በጠዋት የወጣቶቹ መልእክት ስልኬን ሞላው፤ «እንኳን አደረሰሽ ሲስተር፣ እንኳን ለቀናችን!» ከየጤና ጣቢያው፣ ከየተረኝነታቸው የላኩት ነው። አብዛኞቹ እንደ እኔ ሥራ ላይ ነበሩ። በዓሉን ብቻዬን ሥራ ላይ ያሳለፍኩ አልመሰለኝም፤ በከተማው ሁሉ ብርሃን የበራባቸው የማዋለጃ ክፍሎች እንዳሉና በእያንዳንዱ ውስጥ የማውቀው ሰው እንዳለ አውቅ ነበር።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ከስብሰባው በኋላ አንዲት ባልደረባችን አልሄደችም። በዚህ ሳምንት ያዋለደችው ሕፃን አልተረፈም። በሥራ ቦታዋ ግምገማው በሥርዓቱ ተካሂዷል፤ ቅጹ ተሞልቷል፤ ምክንያቱ ተጽፏል። አገራችን የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞትን መዝግቦና መርምሮ የመማር አሠራር ያላት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ቅጹ ግን ሚድዋይፏ እንዴት እንዳደረች አይጠይቅም።

ወንበሮቹን ሰብስበን ከቧት ተቀመጥን። ምክር አልሰጠናትም። እያንዳንዳችን የማንረሳው ሕፃን፣ የማንረሳት እናት አለችን፤ የራሳችንን አወራን። ከቤት ሰው ጋር ይህን ማውራት ይከብዳል፤ ባል ይደነግጣል፣ ልጆች አይችሉትም። በሥራ ቦታ ደግሞ ቀጣይዋ እናት እየጠበቀች ነው። ስትሄድ ፊቷ ቀሎ ነበር፤ ሰኞ ወደ ተረኝነቷ እንደምትመለስ ነገረችን።

በዚህ ሙያ ውስጥ ልብ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ይሰበራል ወይ ይደነድናል። ሁለቱም ለእናቶች አይበጅም። እኔ ለስላሳ ሆኜ መቆየት የቻልኩት እንዲህ የሚቀመጡልኝ ሰዎች ስላሉኝ ነው።

ቤቴም ድርሻውን እየከፈለ መሆኑን ልጻፍ። ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት «ቅዳሜሽን ልጆቹ ይፈልጉታል» ብሎኛል፤ እውነቱን ነው። ተነጋግረን ተስማማን፤ ከወሩ ቅዳሜዎች ግማሹ የቤት ነው፣ በእነሱ ቀን ስልኩም ስብሰባውም አይነካም። ለኮሚቴውም ነገርኩ። ሰብሳቢዋ ደስ አላት፤ ሌሎችም ይህንኑ ደንብ እንዲያደርጉት ሐሳብ አቀረበች። በጎ ፈቃድ የሚዘልቀው ቤትን ሳያስከፋ ሲሠራ ነው። ሁሉን የሚሸከም ሰው በአንድ ዓመት ይደክማል፤ ጥቂት ጥቂት የሚሰጥ ግን ዓመታትን ይቆያል።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

አዲስ ኮሚቴ መረጥን። የሥልጠናውን ሥራ ከእኔ የተረከበችው በመጋቢት ረዳቴ የነበረችው ናት። ያ ከከተማው ዳር ያለው ወጣት ደግሞ እጁን አውጥቶ ራሱን ለኮሚቴ አባልነት ጠቆመ። ለምን እንደፈለገ ሲጠየቅ፣ «ሌሊት የሚደወልለት ሰው መሆን እፈልጋለሁ» አለ። በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

እኔ አዲስ ሥራ ይዣለሁ። የደም መለኪያውን ከረጢት በአካባቢያችን ጤና ጣቢያዎች ማስጀመር የሚቻልበትን ሐሳብ እየጻፍኩ ነው፤ ምን ያህል ያስፈልጋል፣ ከየት ይገኛል፣ ማን ያሠለጥናል፣ ውጤቱ እንዴት ይለካል። በየካቲት ሌሊት ብቻዬን ያነበብኩት ጥናት አሁን ኮሚቴ ተቋቁሞለታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም ሚድዋይፎች ሪፖርት ዓለም 900,000 ሚድዋይፎች እንደሚጎድሏት ይናገራል። ያን ጉድለት እኛ አንሞላውም። ያሉን ሚድዋይፎች ግን ብቻቸውን እንዳይቀሩ፣ የሚያውቁትን እንዳይረሱ፣ ደክሟቸው እንዳይወጡ ማድረግ በእጃችን ነው።

«ምን ታገኛላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ደብተሬን ገልጬ መልስ መስጠት እችላለሁ። ካልተጠየቅኩ የማላነበውን አነበብኩ። መምራትን፣ መጻፍን፣ በሰው ፊት መናገርን ተማርኩ። ያላየኋትን እናት ደም ለማቆም ተካፈልኩ። ከእኔ በፊት የነበሩትን አወቅኩ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጡትን አስቀድሜ አገኘሁ። ሐዘኔን የሚሸከሙልኝ አገኘሁ። እነዚህ ሁሉ ደሞዝ ላይ አይጨመሩም፤ ያለ እነሱ ግን በዚህ ሥራ ላይ እንደ ሰው መቆየት የሚቻል አይመስለኝም።

ለቀጣዩ ሥልጠና ምዝገባ ሰኞ ይጀመራል። ዘንድሮ የተመረቃችሁ ሁሉ ተመዝገቡ፤ ተምራችሁ ስትጨርሱም አትሂዱ፤ ቀጥሎ ለሚመጣው እናንተ አስተምሩ።